ከአረጋዊ አልጋ ሥር የተገኘው ሃይላንድ

«ወንድሙ ነው በረኪና ያጠጣው» አለች ባለሱቋ ዘውዲ።

መጀመሪያ ያለችው ዳቦ ለሚያመጣላት ሰውዬ ነው። ቀጥሎ ለታክሲ ተራ አስከባሪው አለችው፤ ቀጥሎ እንቁላል ልትገዛ ለመጣች ሴት። ሴትየዋ ደግሞ ኦሎምፒያ እስክትደርስ አፏን አልዘጋችም። ኢንስፔክተር እጸገነት ዝናቡን ሸሽታ ከሱቁ ታዛ ሥር ስትቆም ወሬው ካዛንቺስን አዳርሶ ተመልሶ ነበር። እንደ ወጣም አልተመለሰም። ሲወጣ ጓንት ያልነበረው ወንድም፣ ሲመለስ ጥቁር ጓንት አጥልቋል።

«ጓንቱን አይተሻል?» አለች እጸገነት።

«ጓንቱን እንኳን አላየሁም፤ መዋሸት አልወድም» አለች ዘውዲ። «በረኪናውን ግን እኔው ነኝ የሸጥኩለት። እሁድ በእጁ ይዞት ገባ፣ ማክሰኞ ልጁ ሞቶ ተገኘ። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?»

«በዚህ ሰሞን በረኪና ያልሸጥሽለት ሰው አለ?»

ዘውዲ ወሬውን ከመጀመሪያው ደገመችው።

ክረምቱ የ2008 ነው። ሬዲዮው «አተት» እያለ የሚጠራው ተቅማጥና ትውከት ከተማው ገብቶ፣ ሰው ሰላምታ ሊሰጥ የዘረጋውን እጅ መልሶ ኪሱ የሚከትበት ሐምሌ። ባለሱቆች በረኪናውን ከጀሪካን እየቀዱ፣ ሰው ውሃ ጠጥቶ በጣለው የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ በሃይላንድ ይሸጡታል። ከሩቅ ላየው ውሃ ነው። ቀረብ ብሎ ላየውም ውሃ ነው። ክዳኑን የከፈተ ብቻ ይለየዋል።

ቤቱ ከሱቁ ጀርባ፣ ቅያሱ የሚያልቅበት ላይ ነው። ግማሹ ሰፈር ሲፈርስ የተረፈ የድሮ ቪላ። ውስጡ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው አዋቂዎች ይኖሩበታል፤ ሠላሳና አርባ ዓመት ሞልቷቸው ጫማቸውን ለማሰር፣ ገላቸውን ለመታጠብ፣ አስፋልት ለመሻገር ሰው የሚያስፈልጋቸው። ሰፈሩ «ልጆቹ» ይላቸዋል። ቤቱን የመሠረቱት ጡረተኛዋ ነርስ ሲስተር ጀማነሽ ግን «ልጆቹ» የሚል ሰው ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል፤ ጢም ያለው ልጅ አይተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብለው ይጠይቃሉ።

ረዳቷ ሳጅን ደጋጋ ቀድሞ ገባ። በሩ ላይ የተነጠፈውን፣ በበረኪና የራሰ ጆንያ ረጅም እግሩን አንስቶ ተሻገረው።

«ተመለስና ርገጠው» አሉ ሲስተር ጀማነሽ።

«ፖሊስ ነኝ፣ እናቴ።»

«ጫማህ ፖሊስ አይደለም።»

ደጋጋ ተመልሶ ረገጠ። ከዚያ ቧንቧ ከተገጠመለት በርሜል እጃቸውን ታጠቡ፤ ሳሙናው በአሮጌ ካልሲ ተቋጥሮ ተንጠልጥሏል። ሳሎን ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ኩባያ፣ የራሱ ሳህን፣ የራሱ ፎጣ ተለይቶለታል። ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ በዚህ ቤት ባንድ ትሪ መብላት ቀርቷል። መጎራረስ ቀርቷል። መሳሳም ቀርቷል። ከውጭ የሚመጣ የሚበላም የሚጠጣም፣ ጠበል ሳይቀር፣ ከበር ይመለሳል። በጠበሉ ነገር ሰፈሩ ሲስተርን ሊበላቸው ደርሶ ነበር። እሳቸው ግን ሰፈሩን ፈርተው አያውቁም።

አረጋዊ አልጋው ላይ በጀርባው ተኝቷል፤ ጋቢው እስከ ደረቱ ተስቦለታል። አርባ ሊሞላው የተቃረበ፣ ፊቱ ክብ፣ ጣቶቹ አጫጭር ሰው ነበር። ከንፈሩ ነጥቶ ተልጧል። ከአፉ ጥግ እስከ አገጩ ፈሳሽ የወረደበት መስመር ይታያል። ክፍሉ በበረኪና ሽታ ዓይን ያስለቅሳል። ደጋጋ ተንበርክኮ ከአልጋው ሥር አንድ ሃይላንድ በመሃረብ ይዞ አወጣ፤ አሽትቶ ፊቱን አዞረ።

እጸገነት ሬሳውን ከላይ እስከ ታች አየችው። የግራ እጁ አውራ ጣት በሰማያዊ ቀለም ተነክሯል። አንገቱ ላይ ሁለት ጥቁር ክር ታስሯል፤ አንዱ በላብ የወየበ፣ አንዱ አዲስ።

«ሁለት ማተብ ያስራሉ እንዴ?» አለ ደጋጋ።

«አንዱ ሲያረጅ ሌላ ይጨመራል። እናንተ ጴንጤዎች አንዱንም ስለማታስሩ ነው የሚገርምህ።»

ደጋጋ ሳቀ። እሷም የራሷን ማተብ ከዩኒፎርሟ ኮሌታ ሥር መለስ አድርጋ ወደ አውራ ጣቱ ዞረች። ቀለሙ ነው የሳባት።

በሩ መቃን ላይ አንዲት ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ሰፊ ሴት ተደግፋ ቆማለች። የሚያለቅስ ሰው ፊት የላትም፤ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው ያላት።

«ተኝቷል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አትቀስቅሱት።»

«ጦቢያ፣ ወደ ሳሎን» አሉ ሲስተር። ሄደች።

*

ሲስተር ጀማነሽ ሲናገሩ ሰው እንዲያቋርጣቸው አይፈቅዱም። በረኪናው የሚቀመጠው ዕቃ ቤት ነው። ዕቃ ቤቱ ይቆለፋል። ቁልፉ ወገባቸው ላይ ነው፤ ከወገባቸው ወርዶም አያውቅም። ለጠያቂ ቤተሰብ ሁሉ ሙዝና አምባሻ ትታችሁ በረኪና አምጡ ብለዋል፤ የአረጋዊ ወንድምም እሁድ ያመጣው ለዚሁ ነው። ጠርሙስ በር ላይ ሲደርስ ይቀበሉታል፣ አንገቱ ላይ ጥቁር ክር ያስሩበታል፣ ይቆልፉበታል።

«ክሩ ለምንድነው?»

«የኔ ሰዎች ማንበብ አይችሉም። ውሃና በረኪና ደግሞ ባንድ ዓይነት ጠርሙስ ነው የሚመጣው። ቀይ ላደርገው ነበር፤ ቀይ ነገር ካዩ ይሻሙበታል። ስለዚህ ጥቁር። አንገቱ ላይ ክር ያለው ጠርሙስ አይነካም ብዬ አስተምሬያቸዋለሁ፤ ገብቷቸዋልም። ባጠገቡ ሲያልፉ እንኳን እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ነው የሚያልፉት።»

«ከአልጋው ሥር የተገኘው ክር የለውም።»

«ስለዚህ በኔ እጅ አላለፈም» አሉ ሲስተር። «ደብቆ ያስገባው ሰው አለ።»

እጸገነት ልትነሳ ስትል እጇን ያዙዋት። በዚህ ቤት እጅ መያዝ የተከለከለ ነው፤ ሕጉን ያወጡት ራሳቸው ናቸው።

«ጦቢያን አየሻት? ሰንጋ ተራ ነው ያገኘኋት። አጎቷ ጓዳ ውስጥ፣ እግሯ በሰንሰለት ካልጋ ጋር ተቆልፎ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሥራ ሲሄድ የሚጠብቅለት ስለሌለው ነው። ዛሬም የለውም። ይሄ ቤት ከታሸገ ሌሎቹን ቤተሰብ እያጉረመረመም ቢሆን ይወስዳቸዋል። እሷ ግን የምትመለሰው ወደዚያ ጓዳ ነው። ገዳዩን ፈልጊልኝ ልጄ። ቤቴን ግን አትንኪብኝ።»

እጸገነት ቃል አልሰጠችም። ፖሊስ ቃል ሲሰጥ ምን እንደሚሆን ታውቃለች።

*

የአረጋዊ ወንድም ወልደአረጋይ ባምቢስ አካባቢ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው። ጓንት የለውም። እጁ በግሪስ የጠቆረ፣ ድምፁ የተሰበረ ወፍራም ሰው ነው። ወንድሙን እንደሚወድ ማንም ሳይጠይቀው ደጋግሞ ተናገረ። እጸገነት እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«አውራ ጣቱን ቀለም ነክረው ምን ላይ አሳረፉት?» አለችው።

ወልደአረጋይ ደንበኛ የገባ ይመስል ወደ በሩ አየ። ማንም አልገባም።

እናታቸው የተዉት ካዛንቺስ ያለው ቤት የሁለቱም ነው። ለመሸጥ የአረጋዊ ውክልና ያስፈልጋል። አረጋዊ ደግሞ መፈረም አይችልም፤ የሚፈርመው ምን እንደሆነም አያውቅም። ወንድሙ እሁድ ዕለት ጓሮ ወስዶ፣ ብስኩት ሰጥቶ፣ ጣቱን ቀለም ነክሮ ወረቀት ላይ አሳርፎታል። ብስኩቱም ክልክል ነበር።

ለእጸገነት ነገሩ ሁሉ ልኩን አገኘ። ቤት የሚፈልግ ወንድም አለ፤ በእጁ በረኪና ይዞ ገብቷል፤ ከአልጋው ሥር ክር ያልታሰረበት ጠርሙስ ተገኝቷል። ደጋጋን ወደ ጣቢያ ይዘኸው ሂድ አለችው። በማግስቱ ዘውዲ ሱቋ በር ላይ ወንበር አውጥታ፣ እኔ ምን ብዬ ነበር እያለች ላላፊ አግዳሚው ታወራ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከራሱ ከወልደአረጋይ ነው። ጣቢያ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አፍንጫውን እየጠረገ፣ ሰው ሲያፍር እንደሚያደርገው ወለሉን እያየ ተናገረ።

«ኢንስፔክተር፣ ሌባ ይበሉኝ። ይገባኛል። ግን ውክልና እኮ ሰጪው ሲሞት አብሮ ይሞታል። ያስፈረምኩት ወረቀት አሁን ሽንት ቤት ቢገባ ነው። ድርሻውን በውርስ ለማግኘት ደግሞ ፍርድ ቤት ዓመት ይፈጃል፤ ገዢው አይጠብቀኝም። ቢያንስ ክረምቱ እስኪያልፍ በሕይወት እንዲቆይልኝ ነበር የምፈልገው።»

እጸገነት ብዙ ውሸት ሰምታለች። እንዲህ የሚያስጠላ ውሸት ግን ሰው ፈጥሮ አይናገርም። ደጋጋን ወደ ኮሪደሩ አወጣችው።

«አልገደለም» አለች።

«ዘውዲ ትቀየማለች» አለ ደጋጋ።

*

በዚያን ቀን ዝናብ አላቋረጠም። እጸገነት ወደ ቤቱ ተመልሳ ስትገባ ማድቤት ውስጥ፣ ከምድጃው በላይ፣ አንሶላ በገመድ ተሰቅሎ አገኘች። ከአንሶላዎቹ ሥር ፍሬሰላም ድንች ትልጣለች። ፍሬሰላም የማታ ተረኛዋ ተንከባካቢ ናት፤ ገና ወጣት፣ ዓይኗ ያበጠ፣ የእጆቿ ቆዳ ግን እንደ አሮጊት እጅ የተላላጠ። በመጀመሪያው ቃሏ አረጋዊ ምንም ሳይሆን ተኝቶ እንዳደረ፣ እሷም ከክፍሉ እንዳልወጣች ተናግራ ነበር።

«የምታጥቡት ቅዳሜ ነው ብለሽኝ ነበር» አለች እጸገነት። «ይሄ አንሶላ ምንድነው?»

«ዝናቡ… ማለቴ፣ በቃ እርጥበት ስላለ አልደረቀም።»

«በረኪና በረኪና የሚለውስ?»

ልጅቷ ድንቹን አስቀመጠች። እጸገነት ወንበር ጎትታ ተቀመጠች፤ አልተቆጣችም። መቆጣት የማያስፈልገው ሰው በፊቷ ሲቀመጥ ታውቀዋለች።

«አረጋዊ አሞት ነበር፣ አይደል?»

ፍሬሰላም ማልቀሷን ሳታቆም ሁሉንም ተናገረች። ከእሁድ ማታ ጀምሮ ተቅማጥና ትውከት ይዞት ነበር። ሲስተር ለማንም አትናገሪ አሏት። ኦአርኤስ በጥብጠው በማንኪያ ይሰጡታል፤ እሱ ጨው ጨው ስለሚለው ይተፋዋል። ሰኞን ውሃ ስጡኝ፣ ውሃ ስጡኝ ሲል ነው የዋለውና ያመሸው። በዚያ ሌሊት አንሶላው እየተበላሸ ስላስቸገረ ሲስተር የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከወገባቸው ፈትተው ሰጥተዋታል። በረኪና አውጥታ ጓሮ ስታጥብ በሩን ሳትቆልፍ ቀረች። ስትመለስ አረጋዊ ያ ሁሉ በረኪና በፊቱ ላይ ፈስሶ፣ ዝም ብሎ ነበር።

«ብቻውን ነበር?»

«ጦቢያ በሩ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። እሷ ሁልጊዜ እዚያው ናት።»

«ሌላ የታመመ አለ?»

ፍሬሰላም መልስ ከመስጠቷ በፊት ወደ ጣሪያው፣ ወደ አንሶላዎቹ አየች። የአንድ ሰው አንሶላ አልነበረም። «ሁለት» አለች።

እጸገነት እዚያው ማድቤት ውስጥ ቆማ ስልኳን አውጥታ አምቡላንስ ጠራች። ሲስተር ጀማነሽ ድምፅ ሰምተው ሲገቡ ንግግሩ አልቆ ነበር።

«ምን አደረግሽ?» አሉ።

«ሁለት የታመሙ ሰዎች አሉዎት።»

«እንደማስታምማቸው እያየሽ?»

«አረጋዊንም አስታመው ነበር።»

ሲስተር ዕድሜያቸውን በሙሉ ለሌላው ክፉ ዜና ሲነግሩ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ሲነገራቸው ግን እንደማንም ሰው ነበሩ። ቀስ ብለው ተናገሩ። ሆስፒታል ቢወስዱት በማግስቱ ቤቱ እንደሚታሸግ ያውቁ ነበር፤ አንድ ሰው በተኛ ቁጥር የመጣበት ግቢ ይጠየቃል፤ ሰው የሚኖርበት ድርጅት ከሆነ ይዘጋል። ያወጡት ሕግ ሁሉ፣ ጆንያው፣ ኩባያው፣ የጠበሉ ክልከላ፣ በሽታው እንዳይገባ ነበር። ሲገባ ምን እንደሚያደርጉ ግን አላሰቡበትም።

«ላንዱ ብዬ ሌሎቹን ልበትን?» አሉ። «አንቺ ብትሆኚ ማንን ትመርጪ ነበር?»

እጸገነት ለመምረጥ የተቀጠረች እንዳልሆነች ነገረቻቸው። ከዚያ ዕቃ ቤቱን ይክፈቱልኝ አለች። ጠርሙሶቹ ሁሉ ክር ካላቸውና ከአልጋው ሥር የተገኘው ከሌለው፣ ገና ያላየችው ነገር አለ ማለት ነው።

*

ዕቃ ቤቱ ጠባብ ነው፤ መስኮት የለውም። አምፖሉ ሲበራ ሃይላንዶቹ መደርደሪያው ላይ ተሰልፈው ታዩ፤ የሁሉም አንገት ላይ ጥቁር ክር በደንብ ተቋጥሯል። ደጋጋ አንዱን ሊያነሳ እጁን ሰደደ።

ከጀርባቸው እግር ተሰማ። ጦቢያ ናት። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች፣ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች፣ በባዶ እግሯ ገባች። ማንንም አላየችም። መደርደሪያው ፊት ሰገደችና የእንጨቱን ጠርዝ ሳመች።

 እጸገነት ጉልበቷን አጥፋ ቁመቷን ከጦቢያ አስተካከለች።

«ጦቢያ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ጠበል።»

«ማን ነው ጠበል ነው ያለሽ?»

ጦቢያ ሞኝ ሰው እንደሚታይ አየቻት። የራሷን ማተብ ከቀሚሷ ውስጥ ስባ አወጣች። ከዚያ ጣቷን ወደ አንዱ ጠርሙስ አንገት አስጠግታ፣ ሳትነካው፣ አቆመች።

«ማተብ አለው» አለች። «ክርስቲያን ነው። ሲስተር አትንኩ አለች። አይነካም።»

ሲስተር ጀማነሽ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ። እሳቸውም አላቸው፤ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያልተለያቸው። ጥቁር ነው።

«ለአረጋዊ ሰጠሽው?» አለች እጸገነት።

«ውሃ አለ። ውሃ ውሃ አለ። ታሟል።» ጦቢያ የምታስታውሰውን ነገር እንደ ሥራ በቅደም ተከተል ተናገረችው። «በሩ ክፍት ነው። እጄን ታጠብኩ። ጠበል አመጣሁለት። በስመ አብ አልኩ። ዝም አለ፤ ጠበል ሲሰጥ ዝም ይባላል። አፉን ከፈትኩለት። አጠጣሁት። የጠበሉን ማተብ ፈትቼ አሰርኩለት፣ እንዲድን። ተኛ።»

ከዚያ ፊቷን ወደ ሲስተር አዞረች። «እጄን ታጥቤያለሁ» አለች እንደገና፤ ሕጉን እንዳልጣሰች እንዲታወቅላት።

ሲስተር ጀማነሽ የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀመጡ። ደጋጋ ወደ እጸገነት አላየም። እሷም ወደ እሱ አላየችም። የሁለት ማተቡን ነገር የጠየቀው ማተብ የሌለው ሰው ነበር፤ መልሱን በችኮላ የዘጋችው ደግሞ ያላት።

*

ሲስተር የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው። እሳቸውን ቸልተኛ ብላ ትጻፋቸው፤ ቤቱም ከታሸገ ይታሸግ። የጦቢያን ስም ግን አትጻፍ። ራሱ አንስቶ ጠጣ ትበል።

ደጋጋም መኪና ውስጥ ይህንኑ አለ።

«ሁለተኛውን ማተብ ማን አሰረለት ልንል ነው?» አለች እጸገነት።

«ማንም አይጠይቅም።»

«ተጠይቋል።»

«የጠየቅኩት እኔ ነኝ» አለ ደጋጋ። «እኔ ደግሞ እረሳለሁ።»

የመኪናው መጥረጊያ ወዲያና ወዲህ አለ። እጸገነት በሥራ ዘመኗ ግማሹን ጽፋ ግማሹን አስቀርታ አታውቅም፤ በዚህም ትኮራለች፤ ጓደኞቿም በዚህ ያሟታል። ጦቢያን ሕግ እንደማይጠይቃት ታውቃለች። የማትጠየቅ ሰው ስም ቢጻፍ ምን ይጎዳል ብላ አሰበች። ሁሉንም፣ አንድ ሳታስቀር፣ ጻፈችው።

ሁለቱ ሕመምተኞች ለአተት በተተከለ የሕክምና ድንኳን ውስጥ ግሉኮስ ተሰክቶላቸው ተረፉ። ወልደአረጋይና ፍሬሰላም ነፃ ወጡ። ሲስተር ጀማነሽ በዋስ ተለቀው ጉዳያቸውን ይጠባበቃሉ። ቪላው በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ፤ ጆንያው ዝናብ ሲመታው ሰንብቶ በረኪናው ለቀቀውና ተራ ጆንያ ሆነ። ቤተሰቦች እየመጡ ሰዎቻቸውን ወሰዱ። የጦቢያ አጎት መጨረሻ ላይ መጣ። ልብሷን በፌስታል ይዞ፣ እሷን በክንዷ ይዞ በዘውዲ ሱቅ ፊት አለፈ።

ዘውዲ አዲስ ወሬ ነበራት። ወንድምየውን ረስታዋለች።

«እሷ ናት በረኪና ያጠጣችው» አለች፤ ጦቢያ እየሰማች። «በገዛ እጇ ነው የገደለችው።»

ጦቢያ ቆማ አየቻት። ከዚያ ወደ እጆቿ አየች። አጎቷ ጎተታት።

*

እጸገነት ሰንጋ ተራ የሄደችው ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነው። ለምን እንደምትሄድ ለደጋጋ አልነገረችውም፤ እሱም አልጠየቃትም፤ ግን መኪናውን አቅርቦ ጠበቃት። የጦቢያ አጎት የኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። በሩን የከፈተላት ነጠላውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቆ ለብሶ ነው። በስተኋላው፣ የጓዳው በር ላይ፣ የተከፈተ የጓጉንቸር ቁልፍ ተንጠልጥሎ ይታያል።

ሰውየው አልተሳደበም። ደክሞታል። ጦቢያ ከመጣች ጀምሮ እጇን በሳሙና ስትፈትግ ትውል እንደነበር፣ ቆዳው እስኪላጥ፣ ነገራት። ከዚያ መጠጣት ተወች። በጠርሙስ ሲሰጣት ትጮሃለች፤ በኩባያ ሲሰጣት ትደፋዋለች፤ የሱንም እጅ ትገፋለች፣ ጠርሙስ ከያዘ ሰው ሁሉ ትሸሻለች። ሥራ ሲሄድ ይቆልፍባታል፤ ሲመለስ ያስቀመጠላት ውሃ እንዳለ ያገኘዋል። ጤና ጣቢያ ተሸክሞ ሲያደርሳት መሽቶ ነበር። የቀበራት ባለፈው ሳምንት ነው።

«ምን ትል እንደነበር ልንገርዎት?» አለ። «ሰው ይሞታል፣ ሰው ይሞታል ትላለች፤ እጇን እያየች። አንድ ቀን እንኳን ሌላ ቃል አልተናገረችም። አሁን ምን ፈልገው ነው?»

እጸገነት የምትፈልገው አልነበራትም። እግዚአብሔር ያጽናዎት ብላ ደረጃውን ወረደች።

ዶክተር ኃይለገብርኤል የደወለላት መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። አስከሬን መርማሪ ነው፤ ከብዙ ፋይል በኋላ አንቺና አንተ የተባባሉ ሰዎች ናቸው። ይቅርታ ጠየቃት። ክረምቱን ሬሳ እንደ ጉድ ሲገባ ነበር፣ ረዳት አልነበረውም፣ የናንተ የካዛንቺሱ ሰው ውጤት ከሌሎች ጋር ተደራርቦ ቀርቶ ዛሬ ገና አየሁት አላት። ፋይሉ ተዘግቶ ከሆነም ላሟሟላው ብዬ ነው አለ።

«ተዘግቷል» አለች። «በረኪና ነው። ንገረኝና ልጨምርበት።»

«በረኪና አይደለም» አለ። «አንጀቱ የተቅማጥ በሽተኛ አንጀት ነው፤ ውሃው አልቆ ነው የሞተው። ከንፈሩን አይተሽዋል፣ ነጥቷል እንጂ አልቀላም፣ አላበጠም። በሕይወት ያለ ሰው ቆዳ እንደዚያ አይሆንም። ጉሮሮው ንጹሕ ነው። ሆዱ ውስጥ ጠብታ የለም።»

 እሱ መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ድምፁን ከፍ አደረገ።

«አልዋጠም እኮ ነው የምልሽ። አፉ ላይ ሲፈስበት ሰውየው ከሞተ ቆይቷል።»